አማቴ፣ ድቡና እኔ

እንጀራዬ ራጅ ማንሳት ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ከጣሪያ የወደቀውን፣ ከሞተር ሳይክል የተወረወረውን፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣውን ሁሉ ሲያመጡልኝ «ትንፋሽዎን ይያዙ» እያልኩ ፎቶ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ራሴን ከማይደነግጡ ሰዎች እቆጥር ነበር። ባለቤቴም እንዲያ ነበር የምታስበኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ እሷና ልጃችን ጆሯቸውን ይዘው ሲሯሯጡ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪውን የምነቅለው እኔ ነበርኩ።

ያን ቅዳሜ «ሳፋሪ» ብላ ያወጣችን ልጃችን ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እንስሳ ትወዳለች። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጥቅምት ላይ ቅጠሉም እንደሚያምር፣ አጋዘንም፣ ቀበሮም፣ ድብም እንደሚታይ ስልኳ ላይ አንብባ ለሳምንት ነዘነዘችን።

«ቨርጂኒያ ውስጥ ምን ሳፋሪ አለ?» አለች ባለቤቴ። «አንበሳ የሌለበት ሳፋሪ!»

«ማሚ፣ ድብ እኮ አለ» አለች ልጅቷ፣ ነገሩን በዚህ ዘጋችው።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አብረውን ይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከታናሽ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም ቤት በቀር የትም አይሄዱም። ተወልደው ያደጉት ደባርቅ፣ ሰሜን ተራሮች ሥር ነው። ተራራ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። «ደኅና አደሩ?» «ይብሉ እንጂ።» «መኪናውን ቀስ ብለው ይንዱ።» አማችን አንቱ ማለት በአገራቸው ወግ ነው፤ ክብር ነው። በእሳቸው አፍ ግን አጥር ነበር። ለልጃቸው ሌላ ሰው አስበውላት እንደነበር ከሠርጉ በፊት ሰምቻለሁ። እኔም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ መኖርን ለምጄ ነበር።

ጠዋት መኪናውን አጥቤ፣ አሌክሳንድሪያ ሄደን ወሰድናቸው። ጽጌን ስለሚጾሙ የራሳቸውን ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው ይዘው ወጡ። ለእኛ ባለቤቴ ቋንጣ ፍርፍር በሣህን አድርጋ ነበር። ሁሉንም ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥን። አማቴን ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ፊት፣ ከእኔ አጠገብ አስቀምጬ ቀበቶውን አሰርኩላቸው። የቀበቶ ነገር አይሆንላቸውም፤ ማሰሩም መፍታቱም የሌላ ሰው ሥራ ነበር።

በስድሳ ስድስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ወጣን። የፓርኩ መግቢያ ላይ ካርታና አንድ ወረቀት ሰጡን። ካርታውን ልጄ ወሰደች፤ ወረቀቱን ሳላነብ ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ ሻጥኩት። ተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው መንገድ ቢጫና ቀይ ቅጠል ለብሶ ነበር። አጋዘን አየን፤ ከነግልገሏ መንገድ ዳር ቆማ አየችን። ቱርክ የሚሉት ትልቅ የዱር ዶሮም መንጋውን ይዞ ሲያቋርጥ መኪናዎች ሁሉ ቆመው ጠበቁት። አማቴ በመስኮት እያዩ «ይገርማል፣ ማንም ድንጋይ አይወረውርበትም» አሉ።

ልጄ የድብ ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየቻቸው።

«ጅብ ነው?»

«ኖ፣ እማማ፣ ድብ።»

«እና ምን ይበላል?»

«ኤቭሪቲንግ። ፍራፍሬ፣ ሥር፣ ሥጋ፣ ያገኘውን።»

«እንግዲያ ከጭላዳ አይሻልም» አሉ። በልጅነታቸው ጭላዳ ገብሳቸውን እንዴት እየላጠ እንደሚበላ ለልጅቷ ሲነግሯት፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ያልሰማሁትን ሳቅ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ጥሩ አደረግኩ አልኩ በልቤ።

ወደ ስድስት ሰዓት ግድም አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ቆምን። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቁልቁል በእግር ሲኬድ ፏፏቴ አለ። አማቴ «እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ቅጠሉን አያለሁ፤ ሂዱ» አሉ። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ አስተኛሁላቸው። በሩን ግን አልቆለፍኩም። አንድ ጊዜ ውድብሪጅ ውስጥ ገበያ ስንገባ እሳቸው መኪና ውስጥ ሳሉ ቆልፌ ሄጄ፣ ከውስጥ በሩን ሲከፍቱ አላርሙ ጮኾባቸው ክፉኛ ደንግጠው ነበር። ያንን አስታውሼ ነው ያልቆለፍኩት። ቀበቶውን ግን አልፈታሁላቸውም። አላሰብኩትም። ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም።

ግማሽ መንገድ ወርደን ልጄ በረዳት። ሹራቧን መኪና ውስጥ ትታዋለች። «እናንተ ቀጥሉ፣ አምጥቼላት እደርስባችኋለሁ» ብዬ ተመለስኩ።

ከዛፎቹ መካከል ስወጣ መኪናችን በግንባሯ ወደ እኔ ዞራ ቆማለች። ሌሎች ሁለት መኪናዎችም አሉ፤ ሰው ግን የለም። በቀኝ በኩል ያለው ተንሸራታች የኋላ በር ክፍት ነው። እጀታው ትንሽ ሳብ ሲደረግ ራሱ የሚከፈት በር ነው። አማቴ ዳቦ ሊያወጡ ከፍተውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ከበሩ ውጭ የቀረ ጀርባ አየሁ። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚበረብር መሰለኝ። ሌባ! አልኩ።

«ሄይ!» ብዬ ጮህኩ።

ካፖርቱ ዞረ። ፊት አለው፤ የሰው ፊት ግን አይደለም። አፍንጫው ቡናማ፣ ጆሮው ክብ፣ ከአገጩ ላይ የተቀደደ ፎይል ተንጠልጥሎ ያብረቀርቃል። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ሃያ እርምጃ ያህል ነበር የሚለየን። አየኝ። ምንም አልመሰልኩትም። ተመልሶ ጭንቅላቱንና ሁለት እጁን ወደ መኪናው ከተተ፤ መኪናዋ በሙሉ ተናወጠች።

ከዚያ በፊት ለፊቱ መስታወት በኩል አማቴን አየኋቸው። አልጮኹም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ድቡ ከወንበራቸው ጀርባ ነው፤ በእሱና በእሳቸው መካከል ያለው የወንበሩ መደገፊያ ብቻ ነው። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን በጎናቸው ባለው መስታወት ላይ አሳረፉ።

እኔም ዞሬ ሮጥኩ።

አንድ ሰው ልጥራ ብዬ አልነበረም። ዱላ ልፈልግ ብዬም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ምክንያት ስፈልግለት ስንት ጊዜ ቆይቻለሁ፤ የለውም። ምንም አላሰብኩም። ቅጠሉ ከእግሬ ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ የራሴ ትንፋሽ እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ ከኋላዬ ሲከተለኝ ትዝ ይለኛል። ሠላሳ ወይ አርባ እርምጃ ሮጬ ይሆናል፣ የዛፍ ሥር ጠለፈኝና በደረቴ ወደቅኩ። ኪሴ ውስጥ የነበረው፣ አላርም ማስጮኺያ ያለበት የመኪናው ቁልፍ ከጭኔና ከመሬቱ መካከል ተጫነ።

መኪናዋ መጮህ ጀመረች። ምን እንደሚጮህ መጀመሪያ አልገባኝም፤ እሳቸው መሰሉኝ። ጆሮዬን ያዝኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መሬት ላይ ተኝቼ ጆሮዬን ያዝኩ። ቀና ስል ድቡ ከመኪናው ወደ ኋላው እየወጣ ነው፤ ተደናብሮ አንዴ በበሩ ጠርዝ ተጋጭቶ፣ ከዚያ እንዲያ ከባድ አካል ይዞ ይሮጣል ብዬ በማላስበው ፍጥነት ሽቅብ ጫካው ውስጥ ገባ።

ተነሥቼ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። እርምጃው ቢበዛ ስድሳ ነው፤ ማለቂያ አልነበረውም።

አማቴ እንዳስቀመጥኳቸው አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም ነው። የወንበራቸው ጀርባ ከላይ እስከ ታች በአራት መሥመር ተቀዶ ቢጫው ስፖንጅ ወጥቷል። የቋንጣው ሣህን ወለሉ ላይ ተገልብጧል። እሳቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። ሁለት እጃቸው የቀበቶው መቆለፊያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሊወጡ ሲታገሉ ነበር። ጠዋት በገዛ እጄ ወንበሩ ላይ አስሬያቸው ነበር።

«ይህን ይፍቱልኝ» አሉኝ። አንቱ እንዳሉኝ ነው።

የቀበቶውን ቀይ መጫኛ ሦስቴ ነው የሳትኩት። ሲፈታ እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸው። ዘይት የጠጣ ፀጉር፣ የረጠበ አፈር፣ በርበሬ፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አላርሙን ሰምተው ባለቤቴና ልጄ እየሮጡ ደረሱ። ባለቤቴ «እማዬ! እማዬ!» እያለች እናቷን ዳበሰቻቸው። ልጄ የተቀደደውን ወንበር አየች፣ አላርሙን ያጠፋሁበትን፣ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ! ፓኒክ በተኑን ተጫንከው! እንደዚያ ነው እኮ የሚደረገው! ድብ ሲመጣ ኖይዝ አድርጉ ነው የሚሉት!»

ባለቤቴ ዞር አለችና አንገቴን አቀፈችኝ። እያለቀሰች «አንተ ባትኖር ኖሮ...» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው «አዎ» የሚል ቃል ነው።

አማቴ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከባለቤቴ ትከሻ በላይ ያዩኝ ነበር።

የፓርኩ ጠባቂ ብዙም ሳትቆይ መጣች። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። ሁሉን ጽፋ፣ የመኪናዋን ፎቶ አንሥታ፣ ምግብ መኪና ውስጥ ሲተው በሩ መቆለፍ እንዳለበት ያ መግቢያው ላይ የተሰጠን ወረቀት እንደሚናገር በትሕትና ነገረችን። አማቴ «ጠይቂልኝ» አሏት ልጃቸውን፣ «ያ አውሬ ምን ይደረጋል?»

ባለቤቴ ጠየቀች። ጠባቂዋ፣ መኪና መክፈት የለመደ ድብ ደግሞ ደጋግሞ ከመጣ ሌላ ቦታ እንደሚወስዱት፣ ካልሆነም ሊገደል እንደሚችል ተናገረች።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ድቡ ከኋላቸው ቆሞ እንኳ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም።

«ለዳቦ?» አሉ። «በሩን ሳንቆልፍ የተውነው እኛ፣ የሚሞተው እሱ?» ጠባቂዋ በአማርኛ የተባለውን ሳይገባት ራሷን በኀዘን ነቀነቀች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የጾሙንም የፍስኩንም በላው፤ ምስኪን፣ ርቦት ነው።»

እሑድ አሌክሳንድሪያ የባለቤቴ እህት ቤት ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ፤ እማማን እንኳን አተረፈዎ ለማለት። ልጄ ታሪኩን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ደጋግማ አወራችው፤ በተናገረችው ቁጥር እኔ ወደ ድቡ እየቀረብኩ ሄድኩ። በመጨረሻ በርክ በተባለ ከተማ የሚኖሩት የአማቴ ታናሽ ወንድም፣ በአገር ቤት መምህር የነበሩ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ተነሥተው «እህቴን ያተረፈልኝ ወንድ ይኸው» ብለው መረቁኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። አማቴ ብድግ ብለው ወደ ኩሽና ገቡ።

በሥራ ቦታም አልሆነልኝም። አንድ ቀን ክንዷ የተሰበረ አሮጊት በአልጋ አመጡልኝ። ሳስተካክላት መዳፏን ወደ እኔ አነሣች፤ «ቀስ» ለማለት ነው። ክፍሉን ትቼ ወጣሁ። ባልደረባዬ ገብቶ ጨረሰልኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ወንበር ላይ የታሰረችው ልጄ ብትሆንስ? አልሮጥም ነበር እላለሁ። እንዴት አወቅህ ይለኛል ውስጤ። አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ሆነን። ማክሰኞ ቀን አማቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ወንበሯ የተቀደደባት መኪና ጋራዥ ስለነበረች በባለቤቴ ትንሽ መኪና ሄድኩ። ከኋላ ይቀመጣሉ ብዬ ነበር፤ ፊት ገቡ። ቀበቶውን ሳስርላቸው እጄን በዓይናቸው ተከተሉት፤ «አሳየኝ እስቲ ይህን፣ እንዴት ነው የሚፈታው?» አሉ። አሳየኋቸው። ሁለቴ ፈቱ፣ ሁለቴ አሰሩ። አሳየኝ ማለታቸውን ልብ አላልኩትም።

ሀይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ዓይኔን መንገዱ ላይ አድርጌ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ያን ቀን እኔ...»

«አውቃለሁ።»

«አይተውኛል እንዴ?»

«መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ጠዋት ያጠብከው አንተው አይደለህ?»

አንተ። በአሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው። መኪናውን ከመሥመሬ ሳላስወጣው መቅረቴ ይገርመኛል።

«ሮጥክ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ነው። «ጀርባህን እስክትሰወር አየሁት። ረገምኩህ። ከልቤ ነው የረገምኩህ፣ ልጄን የወሰደብኝ ይኸው ጥሎኝ ሄደ አልኩ። ቀበቶው ቢፈታልኝ ግን እኔም ማንንም አልጠብቅም ነበር። ይህንም ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ለልጅዎ አልነገሯትም?»

«ያንተን ነገር እኔ ምን አገባኝ?»

ማንንም ያልጠየቅኩትን ጠየቅኳቸው። «ልጅቷ ብትሆንስ ኖሮ፣ እማማ? እዚያ የታሰረችው እሷ ብትሆን?»

«እሱን አላውቅም» አሉ። «አንተም አታውቅም። ይህን ይዘህ ነው የምትኖረው። ብቻ ሚስትህን አትዋሽ። አዎ ስትላት ሰምቼሃለሁ።»

ሐኪሙ ዓይናቸውን ሲያይ መጠበቂያው ክፍል ቁጭ ብዬ እጄን አየው ነበር። ሊያጽናኑኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አላጽናኑኝም። እውነቱን ግን ከእኔ ጋር ተካፈሉት።

ዕለቱን፣ ልጃችን ከትምህርት ቤት ሳትመጣ፣ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳህን ታጥብ ነበር፤ ውሃውን ዘጋች።

«ሮጥክ?»

«ሮጥኩ።»

«እማዬን ትተህ?»

«አዎ።» ይህኛው አዎ ከባድ ነበር።

ፊቷን በፎጣ ጠረገች። ስትናገር ያሰብኩትን አልተናገረችም። «መሮጥህን... እሺ፣ ሰው ነህ። ግን ሁለት ሳምንት! አጎቴ ቆመው ሲመርቁህ፣ እኔ በየቤቱ እየደወልኩ ሳወራልህ፣ ዝም አልክ? እኔን ምን አደረግከኝ?» ያን ሳምንት ሳሎን ውስጥ አለፍ አለፍ እያልን ከረምን፤ ንግግራችን «ጨው አቀብዪኝ»፣ «ቁልፉ የት ነው» ብቻ ነበር። ልጄ ስትሰማ ግን በእንግሊዝኛ፣ ማንም ሰው ይሮጣል፣ ሰውነት ነው የሚወስነው ብላ የሳይንስ ትምህርቷን አስረዳችኝ፤ ከዚያ ግን ለጓደኞቿ የላከችውን ታሪክ ስልኳ ላይ ስታጠፋው አየኋት። ያ ከእናቷ ቁጣ ይበልጥ ወጋኝ።

አማቴ ደግሞ በየሳምንቱ ፓርኩ እንድደውል ያዙኝ ጀመር። «ጠይቅልኝ፣ ያ ምስኪን ተመለሰ ወይ?» እደውላለሁ። እስከ በረዶው መግቢያ ድረስ እዚያ ማቆሚያ ላይ ዳግም እንዳልታየ ነገሩኝ። ስነግራቸው ያማትባሉ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደገና አሌክሳንድሪያ ተሰበሰብን። ባለቤቴ አላስገደደችኝም፤ አማቴም ቃል አልተናገሩም። ምሳው ሲያልቅ ግን ያው ወሬ ተነሣ፤ አንድ አዲስ የመጣ እንግዳ «ድቡን ያባረርከው አንተ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላባረርኩትም» አልኩ። «አይቼው ሮጥኩ። ስወድቅ ቁልፉ ተጫነ። እማማን ትቼ ነው የሮጥኩት።»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። አንዷ «እንግዲህ የእግዜር ሥራ ነው» አለች። የባለቤቴ እህት ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄን አልያዘችም፣ ተቀመጠች ብቻ። ሽማግሌው የበርክ አጎት ካፖርታቸውን ለብሰው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ምርቃታቸውን አረከስኩባቸው ብዬ አፈርኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሽማግሌው ደወሉልኝ። በልትስቪል የሚባል ከተማ አንድ ሱቅ ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ አነሣሁት።

«ልጄ፣ ትናንት ተቆጥቼ አይደለም የወጣሁት» አሉ። «የምነግርህ ነገር አለኝ። ለሚስቴም ሳልነግራት ነው የሞተችው። ወጣት ሆኜ፣ በዚያ ክፉ ዘመን፣ እኔም ሮጫለሁ። እኔ ግን ስመለስ የቀረውን ሰው አላገኘሁትም።»

ከዚያ ጀምረው ተረኩልኝ። ማን እንደነበረ፣ ከየት ወደ የት እንደሮጡ፣ ከኋላቸው የሚሰማው ድምፅ ምን ይል እንደነበር። የሳቸው ነገር ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ብቻ «አለህ?» አሉኝ፤ «አለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሲጨርሱ የመኪናው መስኮት በትንፋሼ ደብዝዞ ነበር። ሁለታችንም ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።